ደህንነቱ የተጠበቀ የመርፌ አሰጣጥ (ሰቆጣና ዋግ ኽምራ)

ደህንነቱ የተጠበቀ የመርፌ አሰጣጥ መድኃኒት ወይም ክትባት በመርፌ ሲሰጥ ተወጊውን፣ ወጊውንና የአካባቢውን ሰው ከጉዳት የሚጠብቅ የነርስነት አሠራር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ትርጓሜም በእነዚህ ሦስት ወገኖች ላይ የቆመ ነው። ይህ መጣጥፍ አሠራሩን በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በተለይም በዋና ከተማዋ በሰቆጣና በዙሪያዋ ካለው ሁኔታ ጋር አያይዞ ያቀርባል።

የስሪንጅ አመጣጥ

በውስጠ ክፍት መርፌ መድኃኒትን ከቆዳ ሥር ማስገባት የማን ፈጠራ ነው የሚለው ጥያቄ ያከራክራል። አየርላንዳውያን የደብሊኑን ሐኪም ፍራንሲስ ሪንድን ያስቀድማሉ። ሪንድ እ.ኤ.አ. በ1844 በፊት ነርቭ ሕመም ለምትሠቃይ ሴት ሞርፊን ከቆዳዋ ሥር ሰጥቷል፤ መሣሪያው ግን መግፊያ አልነበረውም፣ ፈሳሹ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነበር። የኤድንብራው አሌክሳንደር ዉድና የሊዮኑ ሻርል ፕራቫዝ ደግሞ ሳይተዋወቁ በአንድ ዓመት፣ በ1853፣ ስሪንጅን ከመርፌ አጣምረው ሠርተውበታል። ፈረንሳዮች ለፕራቫዝ ቢያደሉም እርሱ የብር ስሪንጁን የሞከረው በእንስሳት ላይ ነው፤ ዓላማውም በተለጠጠ ደም ሥር ውስጥ ያለውን ደም ማርጋት እንጂ ሕመም ማስታገስ አልነበረም። ዛሬ ነርሶች ለሚሠሩት ሥራ የቀረበው ዉድ ይመስላል። የዉድ ሚስት በሞርፊን መርፌ የሞተች የመጀመሪያዋ ሰው ናት የሚለው ወሬ በብዙ ጽሑፍ ይደጋገማል፤ ሴትየዋ ግን ከባሏ ሞት በኋላም ኖራለች።

በኢትዮጵያ

መደበኛው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ክትባትና የሦስት ወር መርፌ የሚባለው የወሊድ መከላከያ እስከ ጤና ኬላ ወርደዋል። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ሆስፒታል ሊደርሱ ላልቻሉ፣ በጽኑ ኢንፌክሽን ለተያዙ ጨቅላዎች የጄንታማይሲን መርፌ እንዲሰጡ ተፈቅዷል።

ከዚህ ጎን ለጎን ለብዙ ዘመን የቆየው መርፌ ወጊ አለ። ከጤና ተቋም ጡረታ የወጣ ወይም ከውትድርና የተመለሰ፣ አንዳንዴም ምንም ሥልጠና የሌለው ሰው በቤቱ ወይም በገበያ ቀን ይወጋል። ገበያ የማያጣውም ኪኒን ደካማ፣ መርፌ ብርቱ ነው የሚል እምነት በሕዝቡ ዘንድ ስላለ ነው። «መርፌ ሳልወጋ እንዴት እሄዳለሁ?» የሚል ታካሚ የማያውቅ ነርስ አይገኝም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2000 ብቻ ንጽሕናው ባልተጠበቀ መርፌ 21 ሚሊዮን ሰዎች በሄፓታይተስ ቢ፣ 2 ሚሊዮን በሄፓታይተስ ሲ፣ 260,000 ደግሞ በኤች አይ ቪ ተይዘዋል። ስለዚህም በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት የሚበቃውን ታካሚ አለመውጋት ከማንኛውም ጥንቃቄ ይቀድማል።

ዋግ ኽምራ

በሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ይገኛል፤ በየወረዳው ጤና ጣቢያዎች፣ በየቀበሌው ደግሞ ጤና ኬላዎች አሉ። ከደጋው ወደ ተከዜ ሸለቆ፣ ወደ ዝቋላና አበርገሌ፣ ሲወረድ ሙቀቱ ስለሚበረታ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት ያለበትን ክትባት ይዞ መጓዝ ብርቱ ሥራ ነው። ክትባት የሚበላሸው ግን በሙቀት ብቻ አይደለም። ፔንታቫለንት የሚባለው አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ክትባት በረዶ ከሆነ ይበላሻል፤ ስለዚህ ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው የበረዶ ጥቅል ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ወደ ክትባት መያዣ አይገባም፣ ሲነቀነቅ ውኃው እስኪሰማ ድረስ ይጠበቃል።

ሰቆጣ በጤናው ዓለም ስሟ የሚነሣው በሌላ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የተገባ ነው። ጉዳዩ ከመርፌም ይገናኛል። በምግብ እጥረት የከሳ ልጅ የመቀመጫው ጡንቻ ስስ ስለሆነ እዚያ የተወጋ መርፌ ሳይቲክ የተባለውን ወፍራም ነርቭ ሊነካና እግሩን ሊያሽመደምደው ይችላል። በሕፃን መቀመጫ ላይ መውጋት የማይመከረውም በዚህ ነው።

አወጋግ

ጡንቻ ውስጥ የሚገባ መርፌ በ90፣ ከቆዳ ሥር የሚገባው በ45፣ ቆዳ ውስጥ የሚገባው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይያዛል። የሕፃናት የጡንቻ ቦታ የጭን መሐል የውጪው ጎን፣ የአዋቂዎች የክንድ ላይኛው ክፍል ወይም የዳሌ ጎን ነው። የሳንባ ነቀርሳ መከላከያው ቢሲጂ ለአራስ ልጅ 0.05 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ በትክክል ከገባ ቆዳው ላይ ትንሽ ነጣ ያለች እብጠት ታወጣለች። በጣሳ ውስጥ አልኮል ውስጥ ተዘፍዝፎ የዋለ ጥጥ ንጹሕ መስሎ ቢታይም ተህዋስያን ስለሚራቡበት አይመከርም።

ብልቃጥና መበጥበጫ

ብዙ ሰው አደጋው መርፌው ሲገባ ያለ ይመስለዋል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ብልቃጡ ላይ የሚሠራው ስህተት ነው። የኩፍኝና የቢሲጂ ክትባቶች ደረቅ ሆነው መጥተው በራሳቸው መበጥበጫ ይሟሟሉ፤ ከሟሙ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆዩም፣ የዕለቱ የክትባት ሥራ ቀድሞ ካለቀም በዚያው ይጣላሉ። በጎረቤት ደቡብ ሱዳን፣ በካፖኤታ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 በኩፍኝ ክትባት ዘመቻ 15 ሕፃናት ሞተዋል። ምርመራው እንዳመለከተው ክትባቱን ለመበጥበጥ አንዱ ስሪንጅ ለአራት ቀናት ሲሠራበት ሰንብቷል፤ ክትባቱም ያለ ማቀዝቀዣ ተቀምጧል። በሶርያ ኢድሊብ እ.ኤ.አ. በ2014 የሞቱት 15 ሕፃናት ደግሞ በመበጥበጫው ፈንታ ጡንቻ የሚያፈታ የማደንዘዣ መድኃኒት የተሰጣቸው ናቸው። ሁለቱም አደጋዎች የደረሱት ጦርነት ባለበት አገር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ጦርነት በደረሰባቸው የዋግ ኽምራ ጤና ተቋማትም ንብረት ተዘርፏል፤ ማቀዝቀዣና መበጥበጫ በጎደለበት ቦታ «እንደምንም ይሠራ» የሚለው ግፊት ይበረታል። ብልቃጡና መበጥበጫው ከአንድ አምራች ካልሆኑ ግን ክትባቱ ለሌላ ቀን ይቀጠራል እንጂ አይሰጥም።

ቤንዛቲን ፔኒሲሊን

ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የልብ ሩማቲዝም ያለባቸው ወጣቶች ለዓመታት በየአራት ሳምንቱ የሚወጉት መድኃኒት ነው። ለአዋቂ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ሲበጠበጥ እንደ ወተት ነጭና ወፍራም ስለሚሆን ቀጭን መርፌን ይደፍናል፤ በመሐል ቆም ያለ እጅም እንዲሁ ያስደፍነዋል። ስለዚህ በደንብ ነቅንቆ፣ ወዲያው ስቦ፣ በዝግታ ግን ሳያቋርጡ መግፋት ይመከራል። ደም ሥር ውስጥ ከገባ ሊገድል ይችላል።

ከመውጋት በፊት «ፔኒሲሊን አስቆጥቶህ ያውቃል?» ተብሎ ይጠየቃል። በሰቆጣ ዙሪያ ብዙ ሰው በኽምጣና አፉን የፈታ ስለሆነ፣ አማርኛውን ሳይረዳ ለትሕትና አንገቱን የነቀነቀ ታካሚ «የለብኝም» አለ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ አስታማሚው ወይም ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ እንዲያስረዳ ማድረግ ይገባል። ታካሚው ከተወጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ይቆያል። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ከሳተ አድሬናሊን፣ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም፣ በጭኑ ጡንቻ ይሰጣል።

ከተወጋ በኋላ

ያገለገለ መርፌ ክዳኑ አይመለስለትም፤ ከነስሪንጁ ወደ ደህንነት ሣጥን ይጣላል። ባለ 5 ሊትሩ ሣጥን ወደ 100 ስሪንጅ ይይዛል፣ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ታሽጎ ወደ ማቃጠያ ይላካል።

መርፌ የወጋው ባለሙያ ቁስሉን ሳይጨምቅ በውኃና በሳሙና ያጥባል። መርፌው ኤች አይ ቪ ካለበት ሰው ከሆነ የመያዝ ዕድሉ 0.3 በመቶ ያህል ነው፤ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። ላልተከተበ ሰው ሄፓታይተስ ቢ እጅግ ይብሳል፣ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ክትባቱ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ነው።