ሕልመ ሌሊትና የዘር መፍሰስ በሸዋ ልማድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚሄደው አውራ ጎዳና 40 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ የሚያገኛት ሰንዳፋ፣ ዛሬ በፖሊስ ኮሌጇ የምትታወቅ ከተማ ብትሆንም፣ የመንገዱን ልማድ ለሚያውቅ ሰው ግን ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የሚጓዙ ሕሙማንና ምእመናን የሚያልፉባት ስፍራ ናት። ከእነዚህ መንገደኞች መካከል ዓይኑ የታመመው ዓይኑን፣ እግሩ ያበጠው እግሩን እያሳየ ምሕረት ሲለምን፣ አንድ ዓይነት ሕመምተኛ ግን ደዌውን ለባልንጀራውም ለሚስቱም ሳይገልጥ፣ ስለ ምን እንደ መጣ ቢጠይቁት «ወገቤን ያመኛል» ብሎ ያልፋል፤ እርሱም ዘሩ፣ ወይም ዘሩ የመሰለው ፈሳሽ፣ በጠራራ ፀሐይ ያለ ፈቃዱ ከአካሉ የሚወጣበት ወንድ ነው።

የዚህን ዝምታ ምንጭ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ላይ የሚያላክኩ አሉ፤ ነገሩን ከሥሩ የመረመረ ሰው ግን እንዲህ ብሎ ለመፍረድ አይደፍርም። ቅዳሴ የሚቀድሱት ልኡካን ከ5 እንዳያንሱ፣ ይኸውም 2 ካህናትና 3 ዲያቆናት እንዲሆኑ ሥርዓት ነውና፣ ሌሊት በእንቅልፉ ዘር የፈሰሰው ዲያቆን በዚያ ቀን ወደ መቅደስ አይገባም፤ ስለዚህ ሰሞነኛው ገና ሳይነጋ ወደ ባልንጀራው ጠጋ ብሎ «ሕልም መታኝ» ይለዋል፤ ባልንጀራውም ሳይጠይቅና ሳይስቅ በእርሱ ፈንታ ልብሰ ተክህኖ ለብሶ ይገባል። ሕልም የመታው ሰውነቱን ታጥቦ በውጭ ቆሞ ያስቀድሳል፤ በሌላው ቀን እንደ ቀድሞው ያገለግላል። ምእመኑም በዚሁ ሥርዓት ስለሚኖር፣ በሰንበት ከቅጽሩ ውጭ ከዛፍ ሥር የቆመውን ሰው ሁሉ «ምን አግኝቶህ ነው» ብሎ የሚመረምር አልነበረም፤ ይህ ጨዋነት ከልማዶቻችን ሁሉ ካማሩት አንዱ ይመስለኛል።

የሥርዓቱ ሥር ኦሪት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን በ15ኛው ምዕራፍ ስለ ወንድ ፈሳሽ ሲደነግግ ሁለቱን ነገር አይቀላቅልም፤ ሳያቋርጥ የሚፈሰውን እንደ ደዌ ቆጥሮ፣ የተኛበት አልጋና የተቀመጠበት ኮርቻ ርኩስ እንዲሆን፣ የነካው የሸክላ ዕቃ እንዲሰበር፣ የእንጨቱ ግን በውኃ እንዲታጠብ፣ ሰውየውም ከዳነ በኋላ 7 ቀን ቆጥሮ በምንጭ ውኃ እንዲታጠብና በ8ኛው ቀን ሁለት ዋኖሶች ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች እንዲያቀርብ ሲያዝ፣ ዘር ለፈሰሰው ሰው ግን ገላውንና ዘሩ የነካውን ልብስ አጥቦ እስከ ማታ ከመቆየት በቀር ሌላ አያዝበትም። ያንዱ የበሽተኛ፣ የሌላው የጤነኛ ሕግ ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ አትናቴዎስም በ4ኛው መቶ ዓመት አሞን ለተባለ መነኩሴ በጻፈው መልእክት፣ ያለ ፈቃድ የሚወጣ የባሕርይ ፈሳሽ ከአፍንጫና ከአፍ እንደሚወጣው ሁሉ ኃጢአት እንደማይሆን አስረድቷል።

ኦሪት የለየውን ያደባለቀው በኋላ የመጣው ፍርሃት ነው። ጨብጥ በአገሩ ሲበዛ፣ ባላገሩ ወደ ጨረቃ አቅጣጫ ከመሽናትና በፀሐይ በጋለ ድንጋይ ላይ ከመቀመጥ የሚመጣ ነው ብሎ ሲያምን፣ ከብልት የሚወጣው መግል፣ የሌሊቱ ሕልምና የሽንቱ ማቃጠል ሁሉ በአንድ ስም «ብርድ» ተባለ፤ ደብተራውም ለሁሉም ሥር ይምሳል፣ ክታብ ይጽፋል። ነገር ግን የእኛን ደብተራ ብቻ የሚነቅፍ ሰው አውሮፓን አይቶ ይፍረድ። የጥንቱ የዮናናውያን ሐኪም ጋሌኖስ የጨብጥን መግል ዘር መስሎት ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1677 አንድ የሕክምና ተማሪ ጨብጥ የያዘውን ሰው ዘር ወደ ሆላንዳዊው ሌዌንሁክ አምጥቶ በማጉያ መነጽር የሚንቀሳቀሱ ነፍሳት ባየበት ጊዜ ከበሽታው የተወለዱ መሰሉት፤ ሌዌንሁክ የጤነኛውን ሲያይ ግን እነዚያኑ አገኘ። ይህ ከታወቀ ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሞንፔልዬ የነበረው ዝነኛ ሐኪም ላልማን ከ1836 ጀምሮ ስለ ዘር መፍሰስ ባሳተማቸው 3 ጥራዞች ጤነኛውን ፈሳሽ ገዳይ ደዌ አድርጎ፣ የወንዶችን የሽንት ቧንቧ በብር ናይትሬት ያቃጥል ነበር። የእኛው ሥር ማሽ ከዚህ የባሰ ጉዳት አድርሷል ለማለት እቸገራለሁ።

ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመስኮብ (የሩሲያ) ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገቡ፤ ከዓመታት በኋላም ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ በከተማዋ መድኃኒት ቤት ከፈተ፤ ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት ወዲህ ደግሞ ፔኒሲሊን መጣ። መርፌው ጨብጥን በጥቂት ቀን ሲያደርቅ ያየ ሰው ሁሉ ለማንኛውም ፈሳሽ መርፌ ይሻ ጀመር፤ የመንደር መርፌ ወጊም ሳይመረምር ይወጋው ነበር። በ1947 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ለጤና ጣቢያዎች ጤና መኮንኖችን ማስመረቅ ሲጀምር ግን፣ በጠቅላይ ግዛት የሚኖር ሕመምተኛ ጠይቆ የሚመረምር ሰው ማግኘት ጀመረ።

ዛሬ ሐኪም የሚናገረው ከኦሪቱ ልዩነት ብዙም የራቀ አይደለም። ሽንት ጨርሶ ወይም በሰገራ ጊዜ ሲያምጥ ጥቂት ነጭ ፈሳሽ የሚወጣበት፣ ወይም በምኞት ጊዜ ጥርት ያለ የሚያሙለጨልጭ ፈሳሽ የሚያይ፣ ሕመም እስከሌለው ድረስ፣ በሽተኛ አይደለም፤ ፈሳሹም አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮስቴትና ከአካባቢው ዕጢዎች የሚመነጭ ነው። ዘር በፍሬው ውስጥ በ2 ወር ተኩል ገደማ እየተሠራ ዘወትር የሚተካ ስለ ሆነ፣ መፍሰሱ ወገብን ያደክማል፣ ዕድሜን ያሳጥራል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። መግል የመሰለ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ፣ በሽንት ጊዜ ማቃጠል፣ ደም፣ ትኩሳት፣ የፍሬ ማበጥ ያለበት ግን፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ያልታከመ ጨብጥ የዘሩን መንገድ ዘግቶ ወንዱን መካን ሊያደርገው ይችላልና፤ ስንት ሴት በዚህ ሰበብ «መካን» ተብላ ወደ አባቷ ቤት እንደ ተመለሰች እግዚአብሔር ይወቀው።

የንስሐ አባቶችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የንስሐ ልጃቸው ፈሳሽ እንዳለበት በምሥጢር ሲነግራቸው፣ ጠበሉን ሳይከለክሉ፣ ጤና ጣቢያውንም ይዘዙለት፤ ሚስቱንም ይዞ ይሂድ፤ ሕመሙ ጨብጥ ከሆነ፣ እርሷ ካልታከመች በሽታው ተመልሶ ሊይዘው ይችላልና።