ከመቶ ዘጠናው ተመለሰ

መቶ ጥንድ ጫማ ሸጦ ዘጠናው የተመለሰበት ነጋዴ ምን ያደርጋል? እኛ ዘንድ ቢሆን መልሱ የታወቀ ነው። ሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትል ወረቀት ተለጥፋ ትጠብቃችኋለች። ወረቀቷን ካላያችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1912 ይህ ጉድ የደረሰበት ሰው ሊዮን ሊዮንዉድ ቢን ይባላል። አገሩ የአሜሪካዋ ሜይን ግዛት፣ ሸቀጡ ደግሞ ውኃ የማያስገባ የአደን ቡት ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።) ቢን ምን እንዳደረገ ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ሊኖርብን ነው። የዘጠናው ጫማ ነገር ያለ ጎማ ታሪክ አይገባም።

አስቀድሜ ግን የምለውን ልበል። ውኃ የማያስገባ ጫማ ስትገዙ የምትገዙት ጫማ ብቻ አይደለም፤ ቃልም ነው። ሱቅ ውስጥ የትኛውም ጫማ ውኃ አያስገባም፤ ሱቅ ውስጥ ረግረግ የለማ! ቃሉ እውነት ይሁን ውሸት የሚታወቀው ባለቤቱ ከቤቱ ርቆ፣ በረዶና ጭቃ ውስጥ ቆሞ ነው። ስለዚህ የዚህ ጫማ ታሪክ ትልቁ ጥያቄ «ከምን ተሠራ?» ብቻ ሳይሆን «ቃሉ ሲፈርስ ማን ይከፍላል?» የሚለውም ነው።

ሞራ የጠጣ ቆዳ

የድሮ አዳኝ ብዙ ምርጫ አልነበረውም፤ ጫማው ቆዳ ነው። ቆዳውን ሞራ፣ ዘይት ወይም ሰም ይቀባዋል፤ ውኃው ለጥቂት ሰዓት ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ከዚያ በኋላ ግን ቆዳው ይርሳል፣ ይከብዳል። ማታ እሳት ዳር ሲያደርቁት ደግሞ ይገትርና ይሰነጠቃል።

የሜይን የአጋዘን አደን ዋና ጊዜው ኅዳር ገደማ ነው። በረዶው ገና አልጠነከረም፣ ምድሩ ረግረግ ነው፣ ጅረቱ ብዙ ነው። አዳኝ ደግሞ ሲሄድ ብቻ አይውልም፤ ለሰዓታት ድምፅ ሳያሰማ ይቆማል። እግሩ የበረደው ሰው መቆም አይችልም፤ ይነቃነቃል። የሚነቃነቅ ሰው ደግሞ አጋዘን አያይም፤ አጋዘኑ ነው እሱን የሚያየው። እንግዲህ ደረቅ እግር ለአዳኝ የድሎት ጉዳይ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ነው።

በበጋ የሚቀልጥ፣ በክረምት የሚደርቅ

ለውኃ መፍትሔ ቀድመው ያገኙት የአማዞን ነባር ሕዝቦች ናቸው። ከዛፍ የሚወርደውን ነጭ ወተት በጭቃ በተሠራ የእግር ቅርጽ ላይ እየደራረቡ ያፈስሱታል፣ በጢስ ያደርቁታል፤ የውስጡን ጭቃ ሲያወጡት ጫማ ይሆናል። በ1820ዎቹ ይህ ጫማ ከብራዚል በመርከብ ቦስተን ድረስ ይሸጥ ነበር። አሜሪካኖቹ አይተው ጎመዡ፤ በ1830ዎቹም ብዙ የጎማ ኩባንያዎች ተቋቋሙ።

ከዚያስ? በጋ ሲገባ ጫማው ቀለጠ፣ ሸተተ፤ ክረምት ሲመጣ እንደ ጣውላ ደረቀ። የቀለጠው ዕቃ ወደ ፋብሪካው እየተመለሰ ኩባንያዎቹም አብረው ቀለጡ። እነሆ የመጀመሪያው የፈረሰ ቃል።

ነገሩን ያዳነው ቻርልስ ጉድይር ነው። በ1839 ጎማ ከድኝ ጋር ተደባልቆ ሲሞቅ ሙቀትም ሆነ ብርድ የሚችል እንደሚሆን ደረሰበት፤ የፈጠራ መብቱን በ1844 አስመዘገበ። ይሁን እንጂ ጥቅሙን እምብዛም አላየውም፤ በ1860 ሲሞት ባለ ዕዳ ነበር። ዛሬ በመኪና ጎማ ላይ ስሙን የምናነበው ኩባንያ ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ የተቋቋመና የእሱ ያልሆነ ነው። ስሙን ለክብሩ ወሰዱት፤ ገንዘቡ ግን ለቤተሰቡ አልደረሰም።

ዕውቀቱ ግን ተሻገረ። ሃይረም ሃቺንሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1853 ፈረንሳይ ውስጥ የጎማ ቡት ማምረት ጀመረ። ሌላው አሜሪካዊ ሄንሪ ሊ ኖሪስ ደግሞ በ1856 በስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ከተማ ፋብሪካ ተከለ። እኛ በክረምት «ቦቲ» የምንለው የዚህ ዘር ነው።

ቦቲ ከውጭ የሚመጣን ውኃ በማገድ የሚወዳደረው የለም። ችግሩ ሌላ ነው። እግር ያልባል፤ ላቡ መውጫ ያጣል። ቦቲ አድርጎ ግማሽ ቀን የተጓዘ ሰው ካልሲውን አውጥቶ ቢጨምቅ ከጅረት የወጣ ይመስለዋል። በዚያ ላይ ይከብዳል፣ ቁርጭምጭሚት አይዝም። ቆዳ ያስተነፍሳል ግን ውኃ ያስገባል፤ ጎማ ውኃ አያስገባም ግን አያስተነፍስም።

የቢን ስፌት

ሊዮን ቢን በ1911 ከአደን የተመለሰው እግሩ ረጥቦና በርዶት ነበር። ያኔ ዕድሜው ወደ 40 ተጠግቷል፤ ከወንድሙ ጋር ልብስና ጫማ ይሸጣል። ያሰበውን ነገር ማንም ሊያስበው ይችል ነበር፤ ያደረገው ግን እሱ ነው። ከታች የጎማ ጫማ፣ ከላይ ቀለል ያለ ቆዳ። የሰፈሩን ጫማ ሰፊ «እነዚህን ሁለቱን ስፋልኝ» አለው። ጎማው ጭቃውን ይችላል፣ ቆዳው ላቡን ያስወጣል፣ ክብደቱም ከሙሉ ቦቲ ያነሰ ይሆናል።

አሻሻጡም ብልሃት ነበረበት። ከሌላ ግዛት መጥተው በሜይን ለማደን ፈቃድ ያወጡ ሰዎችን ስም ዝርዝር አገኘ። ፍሪፖርት በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በወንድሙ ሱቅ ምድር ቤት ሆኖ በ1912 ለእነዚህ ሰዎች ማስታወቂያ በፖስታ ላከ። በማስታወቂያው ላይም ያልረካ ደንበኛ ገንዘቡ እንደሚመለስለት ቃል ገባ።

መቶ ጥንድ ሸጠ። ዘጠናው ተመለሰ!

ጥፋቱ የቆዳው አልነበረም፤ ሐሳቡም ትክክል ነበር። የተበላሸው ቆዳና ጎማ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ጎማው ስስ ስለነበር ስፌቱ እየቀደደው ወጣ።

ቢን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አላለም። ለዘጠናውም ሰው ገንዘባቸውን መለሰ። ከዚያ 400 ዶላር ተበድሮ ቦስተን ወረደ፤ አንድ ትልቅ የጎማ ኩባንያ ስፌት የሚችል ጠንካራ የጎማ ታች እንዲሠራለት ተስማማ። ከዚያም እንደገና ማስታወቂያ ላከ። ዕድልም ረዳችው፤ በጥር 1913 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ጥቅል ዕቃ ማድረስ ጀመረ። ጫማው ዛሬም ሜይን ውስጥ ይሠራል።

ሰዎች ይህን ታሪክ የሚያወሩት የነጋዴን ደግነት ለማሳየት ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። ዘጠናው ጫማ ባይመለስ ኖሮ ቢን ስህተቱ ስፌቱ ላይ መሆኑን በምን ያውቅ ነበር? ዘጠና አዳኞች እያጉረመረሙ ጫማቸውን ጥለው ዝም ይሉ ነበር፤ እሱም ያንኑ ጫማ መሸጡን ይቀጥል ነበር። ጫማውን ያጠነከረው የመመለሻው መንገድ ክፍት መሆኑ ነው።

መመለስ የማይችሉት

መንገዱ የተዘጋበት ሰው ምን ይሆናል? ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1914፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። የእንግሊዝ ወታደሮች በፈረንሳይና በቤልጅግ ምሽጎች ውስጥ ለቀናት ውኃ ውስጥ ቆሙ። ጫማቸው ቆዳ ነው፤ ባታቸው ላይ ጨርቅ ጠበቅ አድርገው ይጠመጥማሉ። እግራቸው ይደነዝዛል፣ ያብጣል፣ ይጠቁራል፤ አንዳንዱም ይቆረጣል። በጦርነቱ ዘመን በዚህ «የምሽግ እግር» በሚባለው ሕመምና በውርጭ ሆስፒታል የገቡት የእንግሊዝ ወታደሮች ከ70 ሺህ በላይ ናቸው።

ያ የኤዲንብራው ፋብሪካ ለሠራዊቱ ከ1 ሚሊዮን ጥንድ በላይ የጎማ ቡት አመረተ። እግርን ካተረፉት ነገሮች ዋናዎቹ ግን ቀላል ነበሩ፤ ካልሲ መቀየር፣ እግርን በዓሣ ነባሪ ዘይት ማሸት፣ መኮንኖች በየቀኑ የወታደሩን እግር እንዲያዩ ማስገደድ።

ትምህርቱ ግን ቶሎ ተረሳ። በ1944 ክረምት የአሜሪካ ጦር አውሮፓ ውስጥ ሲዋጋ ብዙው ወታደር ውኃ የሚያስገባ የቆዳ ቡት ነበር ያደረገው። ከታች ጎማ ከላይ ቆዳ የሆነ፣ ከቢን ጫማ ጋር አንድ ዓይነት አሠራር ያለው ቡት ነበር፤ ቢን ራሱም ለጦሩ በአማካሪነት ተጠርቶ ነበር። ቡቱ ግን በበቂ ብዛት ግንባር የደረሰው ዘግይቶ፣ ብዙ እግር ከተጎዳ በኋላ ነው። በዚያ ክረምት በብርድ ጉዳት ሆስፒታል የገቡት አሜሪካውያን ከ40 ሺህ ይበልጣሉ። አዳኙ መጥፎ ጫማ ሲደርሰው በፖስታ ይመልሳል። ወታደር ለማን ይመልሳል? ቃሉ ሲፈርስ የሚከፍለው በእግሩ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ

በ1969 ቦብ ጎር የተባለ አሜሪካዊ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ በድንገት ሲለጥጠው እጅግ ስስና በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ሽፋን ሆነለት። የውኃ ጠብታ አያልፍበትም፤ የላብ እንፋሎት ግን ያልፍበታል። ጎር-ቴክስ በሚል ስም በ1976 ገበያ ወጣ፤ በ1979 ደግሞ የኦሪገኑ ጫማ ሠሪ ዳነር ቡት ውስጥ አስገባው። ቆዳም ጎማም ያልቻሉት ነገር የተቻለ መሰለ።

እሱም መጀመሪያ ላይ ዋሸ! ላብና የሰውነት ቅባት ሽፋኑን ሲነካው ልብሶቹ ውኃ ማስገባት ጀመሩ። ኩባንያው አሠራሩን አሻሻለ፤ የተሸጠውንም መልሶ ሰብስቦ በአዲስ ተካ። ከቢን 66 ዓመት ያህል በኋላ፣ ያው ታሪክ በሌላ ዕቃ።

ቢን በ1967 ሞተ፤ የመመለሻ ቃሉ ግን ያለ ጊዜ ገደብ ቀጠለ። እስከ 2018 ድረስ። በዚያ ዓመት ኩባንያው መመለሻውን በአንድ ዓመት ወሰነው፤ ደረሰኝም ጠየቀ። ምክንያቱን ሲያስረዳም ሰዎች ብዙ ዓመት ለብሰው የጨረሱትን፣ አንዳንዱም ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ያገኘውን እያመጣ ገንዘብ ይጠይቅ እንደነበር ገለጸ። ቃል ለካ በሁለት በኩል ነው የሚፈርሰው። ሻጭ ብቻ አይደለም የሚያፈርሰው።

እንግዲህ ለሚገዛ

ለአደንም ሆነ ለጭቃ መንገድ ቡት የሚገዛ ሰው ከዚህ ሁሉ ምን ይይዛል? አንደኛ፣ መጀመሪያ ስፌቱን ይይ፤ ጫማ የሚሸነፈው ሁለት ነገር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ ላቡ በየት ይወጣል ብሎ ይጠይቅ። ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚውል ሙሉ ጎማ ይበቃዋል፤ ብዙ የሚሄድ ግን የሚያስተነፍስ ነገር ይሻላል። ሦስተኛ፣ ሊለብሰው ባሰበው ወፍራም ካልሲ ይለካው፤ ጣቶቹ ካልተንቀሳቀሱ ደሙም አይንቀሳቀስም፣ እግሩ ደረቅም ሆኖ ይበርደዋል። መለወጫ ካልሲም አይርሳ። አራተኛ፣ ታቹ ሲያልቅ የሚቀየር መሆኑን ያጣራ፤ የሚጠገን ጫማ ነው ዕድሜ ያለው።

አምስተኛውና ዋናው፦ ግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ያንብብ። ጫማውን መልሶ የማይቀበል ሰው የጫማውን ጉድለት መቼም አይሰማም። ያልሰማውን ደግሞ አያስተካክለውም፤ የሚቀጥለውም ገዢ የሚያገኘው ያንኑ ስፌት ነው።