የመካከሉ ድምፅ ማጉያ፦ ከኮንሰርት አዳራሽ እስከ መኖሪያ ቤት ግድግዳ

በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሲኒማ ድምፅ ለማሰማት ከሚተከሉት ድምፅ ማጉያዎች መካከል፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ወይም በታች ተጋድሞ የሚሰቀለው አንዱ ብዙውን ጊዜ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ይቆጠራል። በግራና በቀኝ የቆሙት ሁለቱ ዋነኞች ሲመስሉ፣ እርሱ ግን ቦታ ከተረፈ የሚገባ ጭማሪ ይመስላል። ታሪኩ ሲመረመር የሚገኘው የዚህ ተቃራኒ ነው። የመካከሉ ድምፅ ማጉያ ከመጀመሪያው የነበረ፣ በአንድ የቴክኒክ ገደብ ምክንያት ከመኖሪያ ቤት ደጃፍ የተመለሰ፣ ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላም ወደ ውስጥ የገባ መሣሪያ ነው። ለማን ተብሎ እንደ ተፈጠረ የተረዳ ባለሙያ ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚሰቅለው ለመወሰን አይቸገርም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተነሣው በዓይን ከሚታይ ጉድለት ነው። ፊልም መናገር በጀመረበት ዘመን ተዋናዩ ከሸራው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሲሄድ ድምፁ ካለበት አይንቀሳቀስም ነበር። በእንግሊዝ አገር የኢ.ኤም.አይ. መሐንዲስ የነበረው አለን ብሉምላይን ከባለቤቱ ጋር ሲኒማ ሲመለከት ይህን እንደታዘበ ይነገራል። መፍትሔውንም በሁለት መስመር አዘጋጅቶ በዲሴምበር 1931 የፈጠራ መብት እንዲሰጠው አመለከተ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች፣ በሃርቪ ፍሌቸር መሪነት፣ ሌላ መንገድ ይዘው ነበር።

ሐሳባቸው እንዲህ ነበር፦ በመድረክ ፊት እንደ መጋረጃ የተደረደሩ እጅግ ብዙ ማይክሮፎኖች ቢኖሩና እያንዳንዱም በሌላ አዳራሽ በተመሳሳይ ስፍራ ከተተከለ ድምፅ ማጉያ ጋር ቢገናኝ፣ ድምፁ በነበረው ስፋትና ጥልቀት ይደገማል። ይህ በሥራ ሊተረጎም የማይቻል ስለነበር በጥቂት መስመሮች ሞክረው ሦስትን መረጡ። ኤፕሪል 27 ቀን 1933 የፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ በከተማው የሙዚቃ አካዳሚ ሲጫወት፣ ድምፁ በስልክ መስመሮች ወደ ዋሽንግተን ተላልፎ በኮንስቲቲዩሽን አዳራሽ ከግራ፣ ከመካከልና ከቀኝ ተሰማ። ፊላዴልፊያ ላይ ኦርኬስትራውን የመራው አሌክሳንደር ስሞለንስ ሲሆን፣ ዋናው መሪ ሊዮፖልድ ስቶኮውስኪ ዋሽንግተን ተቀምጦ የድምፁን ኃይል ይቆጣጠር ነበር። ከሙዚቃው ሌላ፣ በመድረኩ አንድ ወገን በመጋዝና በመዶሻ ሣጥን የሚሠራ ሰው፣ በሌላው ወገን ደግሞ ምክር የሚሰጠው ረዳቱ ተሰሙ፤ ሁለቱም ግን በአካል የነበሩት ፊላዴልፊያ ነው።

ሦስተኛው መስመር ለምን አስፈለገ? በሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች እኩሌታ ላይ ለተቀመጠ ሰው ሁለት መስመር ይበቃል፤ ከሁለቱም እኩል የሚመጣው ድምፅ ከመካከል የሚመጣ ይመስለዋል። ድምፅ በአንድ ሺሕኛ ሴኮንድ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። አድማጩ ከቀኙ ይልቅ ለግራው በ1 ሜትር ቢቀርብ የግራው በ3 ሺሕኛ ሴኮንድ ገደማ ይቀድመዋል። ጆሮ የድምፅን ምንጭ የሚፈርደው ቀድሞ በደረሰው ስለሆነ፣ ከመካከል ሊመጣ የሚገባው ንግግር ወደ ግራ ይሸሻል። ይህን የጆሮ ጠባይ ሄልሙት ሃስ በ1949 በጌቲንገን ባቀረበው ጥናት በዝርዝር መርምሮታል። ስለዚህ የመካከሉ ድምፅ ማጉያ የተፈጠረው በመካከል ለተቀመጠው ሳይሆን ከጎን ለተቀመጠው ሰው ነው ማለት ይቻላል።

ሲኒማ ቤቶች አዳራሻቸው ሰፊ፣ ከጎን የሚቀመጠውም ሕዝብ ብዙ ስለሆነ ይህን ትምህርት አልረሱትም። በ1940 «ፋንታዥያ» የተባለው የዋልት ዲዝኒ ፊልም በሦስት የድምፅ መስመሮች ታየ። በ1952 ሲኔራማ ከሸራው ጀርባ አምስት ድምፅ ማጉያዎችን ደረደረ፤ በ1953 ሲኔማስኮፕ ሦስቱን ከሸራው ጀርባ፣ አራተኛውን በአዳራሹ ዙሪያ አደረገ። ውሎ አድሮም ንግግርን በመካከለኛው መስመር ማስተላለፍ የሙያው ልማድ ሆነ።

ወደ መኖሪያ ቤት ሲመጣ ግን ታሪኩ ተለወጠ። በ1958 ለገበያ የተስፋፋው የስቴሪዮ ሸክላ ድምፁን የሚሸከመው በቦዩ ግራና ቀኝ ግድግዳዎች ላይ ነው። ቦይ ሁለት ግድግዳ እንጂ ሦስት የለውም፤ ሦስተኛው መስመር የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። በ1950ዎቹ ታላላቅ የአሜሪካ የሸክላ ኩባንያዎች ኦርኬስትራን በሦስት መስመር በቴፕ ከቀዱ በኋላ፣ ሸክላው ላይ ለማተም የመካከሉን ለሁለቱ ያካፍሉት ነበር። የድምፅ ማጉያ ሠሪው ፖል ክሊፕሽ ከሁለቱ መስመሮች አውጣጥቶ መካከለኛ ድምፅ ማጉያ መትከል እንደሚገባ ቢከራከርም፣ ሁለት መስመር የቤት ሕግ ሆኖ ጸና።

መመለሻው መንገድ የተከፈተው በሲኒማ በኩል ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የዶልቢ ድርጅት አራት የድምፅ መስመሮችን በሁለት መስመር ውስጥ አጣምሮ በፊልም ላይ የማተም ዘዴ አቀረበ። ፊልሙ ወደ ቪዲዮ ካሴት ሲገለበጥ ጥምሩም አብሮ ስለሚተላለፍ፣ በቤት ውስጥ ፈትቶ ማሰማት የሚቻል ሆነ። በ1982 የቀረበው የመጀመሪያው የቤት መፍቻ የመካከሉን መስመር አላካተተም፤ በ1987 የወጣው ፕሮ ሎጂክ ግን አካተተው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዲቪዲ ሲስፋፋ መካከለኛው የራሱን ነጻ መስመር አገኘ።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ቤት የገባው በእንግድነት ነበር። ከባለ ቱቦው ቴሌቪዥን አናት ላይ መቀመጥ ስለነበረበት ቁመቱ አጠረ፣ ተጋደመም፤ ማግኔቱ የቴሌቪዥኑን ቀለም እንዳያበላሽ መመከት አስፈለገው። በዚህ መጋደም ያልታሰበ ጉዳት መጣ። ጆሴፍ ዳፖሊቶ በ1983 የታወቀውን አሠላለፍ ሲያቀርብ፣ ቱዊተሩን በሁለት ዉፈሮች መካከል ያደረገው ወደ ላይ በቆመ ሣጥን ነው። ይኸው ሣጥን ሲጋደም ሁለቱ ዉፈሮች ጎን ለጎን ይሆናሉ። በመካከላቸው 30 ሴንቲ ሜትር ቢኖርና አድማጩ ከመካከሉ መስመር 30 ዲግሪ ወደ ጎን ቢቀመጥ፣ የአንደኛው ድምፅ ከሌላው 15 ሴንቲ ሜትር ይዘገያል፤ በዚህም ምክንያት በ1,100 ኸርዝ አካባቢ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ይህ የሰው ንግግር የሚገኝበት ክልል ነው። ከጎን ለተቀመጠው ሰው የተፈጠረው መሣሪያ በቅርጹ ምክንያት ያንኑ ሰው በደለ።

ቴሌቪዥን ጠፍጣፋ ሆኖ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል መቀመጫው አናት ጠፋ፤ ድምፅ ማጉያውም አብሮ ወደ ግድግዳ ወጣ። የአሰቃቀሉም ደንብ ከዚሁ ታሪክ ይወጣል። ድምፁ ከተናጋሪው አፍ እንዲመጣ ሣጥኑ በቴሌቪዥኑ እኩሌታ ላይ፣ ለጠርዙ እጅግ ቀርቦ ይሰቀል፤ ፊቱም ከላይ ከሆነ ወደ ታች፣ ከታች ከሆነ ወደ ላይ ዘንበል ብሎ ወደ አድማጮች ጆሮ ይመልከት። ግድግዳ የወፍራሙን ድምፅ ኃይል እስከ 6 ዴሲቤል ሊጨምር ስለሚችል፣ ንግግሩ እንዳይታፈን በማጉያው መቆጣጠሪያ መቀነስ ያስፈልጋል። መተንፈሻው ከኋላ የሆነ ሣጥን ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አይሰቀልም። ግድግዳው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ሲሆን ለዚያው የተሠራ ፊሸር፣ ቺፑድ ሲሆን ደግሞ ከኋላው ያለውን እንጨት ፈልጎ ማሠር ግድ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ሸክም ብሎንን ያላላልና። በውሃ ልክ ከተስተካከለ በኋላም ርቀቱ ተለክቶ በማጉያው ውስጥ ይመዝገብ፤ የሦስቱም ድምፅ በአድማጩ ስፍራ እኩል ይሁን።

ሥራው ሲያልቅ ብዙ ባለሙያ የሚፈትነው በመካከለኛው ወንበር ተቀምጦ ነው። በዚያ ወንበር ግን ሁለቱ የጎን ድምፅ ማጉያዎች ብቻቸውን ያገለግሉ ነበር። መፈተን የሚገባው ከዳር ወንበር፣ ዘወትር ቦታ የማይመረጥለት የቤተሰብ አባል ከሚቀመጥበት ነው። እርሱ ንግግሩን ቃል በቃል ከሰማ፣ ድምፁንም ከተናጋሪው ፊት ካገኘው፣ በ1933 የተሞከረው ሥራ በዚያች ክፍል ውስጥ ግቡን መትቷል።