ባሕረ ሐሳብና ኮከብ ቆጠራ በታሪክ ሚዛን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዘመናችን በወጣቶች ጨዋታ መካከል «ኮከብህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ እንደ ቀልድ ይነሣል። አንዳንዱ በስልኩ የዕለቱን «ዕድል» ያነብባል፤ ሌላው ከመተጫጨቱ በፊት ስም አስቈጥሮ «ኮከባችሁ አይገጥምም» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። እንዲህ የሚያደርጉት ሲጠየቁ «ቤተ ክርስቲያንም እኮ ባሕረ ሐሳብ አላት፤ እርሱም የፀሐይና የጨረቃ ቍጥር ነው» ሲሉ ይሰማሉ። በእውነት ሁለቱ አንድ ናቸውን? መልሱን ለማግኘት የሰው ልጅ የሰማይን ዑደት ለምን ለምን እንደ ተጠቀመበት ከታሪክ መመልከት ይገባል።

ከባቢሎን እስከ እስክንድርያ

ቅዱስ መጽሐፍ ብርሃናት የተፈጠሩት ለምልክትና ዕለታትን፥ ዘመናትንና ዓመታትን ለመለየት እንደ ሆነ ይነግረናል (ዘፍ. 1፥14)። በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል የኖሩ ሕዝቦች ይህን ጥቅም ቀድመው ካስተዋሉት ወገን ናቸው። የጨረቃን ጕዞና የግርዶሽን ጊዜ በሸክላ ጽላት ላይ እየመዘገቡ ለትውልድ አቈዩ። በ5ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስም ፀሐይ በዓመት የምትጓዝበትን መንገድ በ12 እኩል ክፍሎች ከፍለው ለየክፍሉ ስም ሰጡ። ይህ ምልከታ ለሥነ ፈለክ ትምህርት መሠረት ሆኗል።

ይሁን እንጂ በመቍጠር ብቻ አልቆሙም፤ ሰማይን ፈቃድ ያለው ገዥ አድርገው ተመለከቱት። በ7ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በነገሠው በአሦር ንጉሥ በአስራዶን ዘመን የጨረቃ ግርዶሽ የንጉሡን ሞት ያመለክታል ሲባል ሌላ ሰው በምትክነት በዙፋን ላይ ይቀመጥ ነበር። እውነተኛው ንጉሥ ተሰውሮ ይቆይና የአደጋው ጊዜ ሲያበቃ ምትኩ ይገደላል። ግርዶሹ በእርግጥ ታይቷል፤ መዝጋቢዎቹም በጊዜው አልተሳሳቱም። ያን ምስኪን ሰው የገደለው ግን ግርዶሹ ሳይሆን ሰዎች ለግርዶሹ የሰጡት ትርጓሜ ነው።

ለእስራኤል የተሰጠው ሕግ ለሰማይ ሠራዊት መስገድን አጥብቆ የከለከለው ስለዚህ ነው (ዘዳ. 4፥19)። ንጉሡ ኢዮስያስ ለፀሐይ፥ ለጨረቃና ለከዋክብት የሚያጥኑትን ከይሁዳ አስወገደ (2ኛ ነገ. 23፥5)፤ ነቢዩ ኢሳይያስም የባቢሎን ኮከብ ቆጣሪዎች ራሳቸውን እንኳ ማዳን እንደማይችሉ ተናገረ (ኢሳ. 47፥13-14)።

የባቢሎን ቍጥር በኋላ ወደ ግሪኮች ተላለፈ። በ2ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ሊቅ በጥሊሞስ በአንዱ መጽሐፉ የከዋክብትን እንቅስቃሴ በሒሳብ አስረዳ፤ በሌላው ደግሞ ከዋክብት በሰው ጠባይና ዕድል ላይ አላቸው ስለሚባለው ኀይል ጻፈ። ያንኑ ሰማይ የተመለከተ አንድ ሰው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እንደ ጠየቀ ልብ እንበል።

የአባቶች መልስ

በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት ባስተማረው ትምህርት ኮከብ ቆጣሪዎችን በራሳቸው መንገድ ሞግቷቸዋል። ዕድል በልደት ቅጽበት ይወሰናል ካሉ ያን ቅጽበት ማን በትክክል ይይዘዋል? አዋላጇ ሕፃኑን አይታ ለቆጣሪው እስክትነግር ድረስ ሰማዩ ቦታውን ለውጧል። የንግሥና ኮከብ በየዕለቱ የሚወጣ ከሆነስ ነገሥታት በየዕለቱ የማይወለዱት ለምንድን ነው? ከሁሉ የሚበልጠው ክርክሩ ግን ስለ ሰው ነጻነት ነው። ሌባው የሚሰርቀው፥ ነፍሰ ገዳዩም የሚገድለው ኮከቡ አስገድዶት ከሆነ ሕግ፥ ዳኛ፥ ቅጣትና ሽልማት ሁሉ ከንቱ ይሆናሉ። እኛም ንስሐ ለምን ያስፈልጋል ብለን ልንጨምርበት እንችላለን።

በዚያው መቶ ዓመት በሎዶቅያ የተሰበሰበው ጉባኤ በ36ኛው ቀኖናው ካህናትና አገልጋዮች አስማተኞችና ኮከብ ቆጣሪዎች እንዳይሆኑ ከልክሏል። ክልከላው በቀጥታ ለካህናት መሰጠቱ አስተዋይ ልብ ላለው ብዙ ይናገራል፤ ፈተናው ከመቅደሱ ደጅ የራቀ አልነበረምና።

«ሰብአ ሰገልስ በኮከብ ተመርተው አልመጡምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም ይህ ኮከብ እንደ ሌሎች ከዋክብት እንዳልነበረ ያስረዳል። በቀን ታየ፤ ተሰወረ፥ ዳግመኛም ተገለጠ፤ ዝቅ ብሎም ሕፃኑ ባለበት ቆመ። በዑደት የሚጓዝ ኮከብ እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ የቤተ ልሔሙ ኮከብ ለተወለደው ጌታ አገልጋይ ሆነ እንጂ የልደቱ ምክንያት አልሆነም።

ሃይማኖትን በዑደት የሰፈሩ

ኮከብ ቆጠራ በግለሰብ ዕድል ሳይወሰን የሃይማኖትንና የመንግሥትን ታሪክ ሁሉ ለመተንተን የተነሣው በባግዳድ ነው። ከሊፋው አል መንሱር እ.ኤ.አ. በ762 ከተማዪቱን ሲመሠርት የመሠረቱን ቀን ከመረጡት ኮከብ ቆጣሪዎች አንዱ ማሻአላህ የተባለ አይሁዳዊ ነበር። እርሱ፥ ከእርሱም በኋላ በ9ኛው መቶ ዓመት አቡ መዕሸር፥ ከፋርስ የመጣውን የዙሐልና የመሽተሪን መገናኘት ትምህርት በመጽሐፍ አስፋፉ። ዙሐል ዛሬ ሳተርን፥ መሽተሪም ጁፒተር የምንላቸው ናቸው። ዙሐል ዑደቱን በ29 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ፥ መሽተሪ በ12 ዓመት ገደማ ስለሚፈጽሙ በየ20 ዓመቱ ይገናኛሉ። ቆጣሪዎቹ 12ቱን ምድቦች ለእሳት፥ ለመሬት፥ ለነፋስና ለውኃ አከፋፍለው፥ መገናኘቱ ከአንዱ ባሕርይ ወደ ሌላው በ240 ዓመት ገደማ እንደሚዛወር፥ ዑደቱም በ960 ዓመት እንደሚጠናቀቅ አሰሉ። በእያንዳንዱም ታላቅ ዝውውር አዲስ ሃይማኖት ወይም አዲስ መንግሥት ይነሣል አሉ።

የመገናኘቱ ስሌት ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ሁለቱ ዛሬም በየ20 ዓመቱ ይገናኛሉ። ስሕተቱ ከዚያ የተወሰደው መደምደሚያ ነው። በዚህ አሳብ መሠረት ነቢያትን ያስነሣቸው፥ ሐዋርያትንም የላካቸው የፕላኔቶች ዑደት ይሆናል። ከሙስሊም ሊቃውንትም ኢብን ሲና ኮከብ ቆጠራን የሚቃወም ጽሑፍ ጽፏል።

የአቡ መዕሸር መጽሐፍ በ12ኛው መቶ ዓመት ወደ ላቲን ተተርጕሞ አውሮፓ ገባ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1186 ፕላኔቶች ሁሉ በሚዛን ምድብ ስለሚሰበሰቡ ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ይመጣል የሚል ደብዳቤ ከአገር አገር ተዛምቶ ሕዝቡን አስጨነቀ፤ ወሩ ግን የተባለው ጥፋት ሳይደርስ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1499 የታተመ የዮሐንስ ሽቶፍለር የሰማይ ቀመር ደግሞ በየካቲት 1524 ብዙ ፕላኔቶች በዓሣ ምድብ እንደሚገናኙ አመለከተ። ዓሣ የውኃ ምድብ ነውና ሌሎች «ዳግማዊ የጥፋት ውኃ» ብለው ተረጐሙት፤ በጉዳዩ ላይ ከ100 በላይ ጽሑፎች ታተሙ። የካቲት ገባ፥ ወጣም፤ ዓለምን ያጠፋ ውኃ አልመጣም። በዚያው ዓመት በጀርመን የገበሬዎች ዐመፅ ሲነሣ ግን ምልክቱን ወደዚያ የሚያዞሩ አልጠፉም።

በአንጻሩ ፈረንሳዊው ካርዲናል ፒየር ዳዪ እ.ኤ.አ. በ1414 ዓለም እስከ 1789 ከቈየ በሕግና በሃይማኖት ታላቅ ለውጥ እንደሚሆን ጽፎ ነበር፤ የፈረንሳይ አብዮትም በዚያው ዓመት ፈነዳ። የኮከብ ቆጠራ ወዳጆች ይህን ደጋግመው ያነሣሉ። ዳዪ በዚያ ዘመን ሐሳዊ መሲሕ ሊመጣ እንደሚችልም መጻፉን ግን አያነሡም። ከብዙ ግምት አንዱ ሲገጥም ይተረካል፤ ያልገጠመው ይረሳል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

የባሕረ ሐሳብ ዑደቶች ከእነዚህ ሁሉ በምን ይለያሉ? በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ባሕረ ሐሳብ የእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ለሆነው ለቅዱስ ድሜጥሮስ የተገለጠ ነው። ቅዱሱ በዓላትና አጽዋማት ቀናቸውን እንዲጠብቁ ሲጸልይ የሌሊት 23፥ የቀን 7 ሱባዔ እንዲይዝ ተነገረው። የሌሊቱ 161 ቀን በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ ጥንተ አበቅቴ ነው። የቀኑ 49 ቀን በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ ይህም ጥንተ መጥቅዕ ነው። ከዚህም የ19 ዓመቱ ንዑስ ቀመር፥ የ76 ዓመቱ ማእከላዊ ቀመርና የ532 ዓመቱ ዐቢይ ቀመር ይከተላሉ።

2018 ዓ.ም.ን ለምሳሌ እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። በ4 ሲገደፍ 2 ስለሚተርፍ ዘመነ ማርቆስ ነው። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ይሆናል። መስከረም 18 እሑድ ስለ ዋለ የእሑድ ተውሳክ 7 ተደምሮ መባጃ ሐመር 25 ይመጣል። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25፥ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ይውላሉ።

በዚህ ስሌት ውስጥ ስለ ማንም ሰው ሀብት፥ ሞት ወይም ጋብቻ የተነገረ አንዳች ነገር የለም። የሚጠየቀው «መቼ እንጹም? ትንሣኤን መቼ እናክብር?» ብቻ ነው። «ዘመነ ማርቆስ» መባሉም ዓመቱን በወንጌላዊው ስም መጥራት እንጂ ስለ ዝናብና ስለ ጦርነት የተሰጠ ትንቢት አይደለም።

የአውደ ነገሥት አሠራር ከዚህ ጋር የሚምታታው መሣሪያው ስለሚመሳሰል ነው። በዚያም የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት ቍጥር ተደምሮ በ12 ይገደፋል፤ በቀሪውም «ኮከብ» ይሰጠዋል። የከዋክብቱ ስሞች ራሳቸው ግን ከየት እንደ መጡ ይመሰክራሉ፦ ሐመል፥ ሠውር፥ ገውዝ፥ ሸርጣን፥ አሰድ፥ ሰንቡላ፥ ሚዛን፥ ዐቅራብ፥ ቀውስ፥ ጀዲ፥ ደለዊ፥ ሑት። እነዚህ የዐረብኛ ስሞች ናቸው፤ የመጡትም ባግዳድ ካስፋፋችው የቆጠራ ባህል ነው። ስለዚህ «የአባቶቻችን ምሥጢር» ተብሎ የሚሸጠው ነገር የሐዋርያት ትምህርት አይደለም። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም አስማትንና ጥንቆላን አጥብቆ ታግሏል፤ በመጽሐፈ ብርሃንም አውግዟቸዋል።

ጕዳቱም በመጽሐፍ ላይ የሚቀር አይደለም። በጸሎትና በምክር ሊጸና የሚችል ትዳር በፊደል ድምር ይፈርሳል። ቍጡው ሰው «ኮከቤ እሳት ነው» እያለ ቍጣውን ከመተው ይልቅ ይንከባከበዋል። ተማሪው ውጤቱ ሲበላሽ ጥናቱን ከመመርመር ይልቅ ኮከቡን ይወቅሳል። ያዕቆብና ዔሳው ግን ከአንድ ማሕፀን በአንድ ጊዜ ወጥተው ሕይወታቸው ምን ያህል እንደ ተለያየ እናውቃለን።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከዚህ ሁሉ ሥነ ፈለክን መጥላት አንማርም። የከዋክብትን ጕዞ ማጥናት የፈጣሪን ሥራ ማድነቅ ነው፤ ባሕረ ሐሳብንም በሰንበት ትምህርት ቤታችን ተግተን ልንማረው ይገባል፤ የሚያውቀው ሰው በስሙ በሚነግዱበት አይታለልምና። ጌታችን አብ በገዛ ሥልጣኑ ያደረገውን ወራትና ዘመናት ማወቅ ለእኛ እንዳልተሰጠ ለደቀ መዛሙርቱ ነግሯቸዋል (ሐዋ. 1፥7)። የተሰጠን ዛሬ ነው፤ በዛሬው ቀን ልንጾም፥ ልንታረቅ፥ ንስሐ ልንገባ እንችላለን። ይህን የሚከለክል ኮከብ የለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።