የሳይበር ትንኮሳ በተማሪዎች መካከል

የሳይበር ትንኮሳ ተማሪዎች በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ እኩያቸውን ደጋግመው የሚያዋርዱበት፣ የሚያስፈራሩበት ወይም የሚያገልሉበት ድርጊት ነው። የክፍል ጓደኛን ፎቶ ቆርጦ ስቲከር በማድረግ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ መልቀቅ፣ በሐሰተኛ አካውንት ስም ማጥፋት እንዲሁም የግል ምስልን አወጣለሁ ብሎ ማስፈራራት ከመገለጫዎቹ መካከል ናቸው። በትምህርት ቤት ግቢ ከሚፈጸም ጉልበተኝነት የሚለየው ተጠቂውን ቤቱ ድረስ ስለሚከተለው፣ ፈጻሚውም ማንነቱን መደበቅ ስለሚችል ነው። የተለቀቀው ነገር ቢሰረዝም በስክሪንሹት ይባዛል። ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣትና ከትምህርት መቅረት ከሚያስከትላቸው ጉዳቶች ይጠቀሳሉ። በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት ሰውን ማስፈራራትን፣ ደጋግሞ መልእክት በመላክ ማስጨነቅንና ስም ማጥፋትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። ተጠቂው መልእክቱን ከመሰረዙ በፊት በስክሪንሹት ቢያስቀምጠው ለማስረጃነት ይጠቅመዋል።