አቡጊዳ፦ ከላስታ ደብር እስከ ጆይ ማዕከል

በከፍታዎች መካከል፣ ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ ባለው የላስታ ምድር፣ ንባብ የሚጀመረው በየኔታ እግር ሥር ነበር። ሕፃኑ የፊደል ገበታውን ታቅፎ፣ በስንደዶ እየጠቆመ «ሀ ሁ ሂ» ይላል። 231ዱ ሆሄያት በተራ ስለሚዜሙ ብልጡ ልጅ ገበታውን ሳያይ ይወርዳቸዋል። የኔታም ይህን አያጡትምና ቀጥለው ተራው የተዘበራረቀውን «አ ቡ ጊ ዳ» ያመጡበታል። እዚህ ላይ ማጭበርበር የለም፤ ዐይን ሆሄውን ካልለየ አፍ ይታሰራል። ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ የሚባለው የዮሐንስ አንደኛ መልእክት፣ ኋላም ዳዊት ይከተላል።

ሥርዓቱ በድምፅ የቆመ ነው። አፉን ላልፈታ ልጅ ብዙም ቦታ የለውም፤ እንዲህ ያለውን ልጅ ወላጆቹ ጠበል ይወስዱታል፣ ጎረቤትም እርግማን ነው ይላል።

አፍ ካልፈቱ ልጆች አንዳንዶቹ ኦቲዝም ያለባቸው ናቸው። ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ 11 ሕፃናትን ገልጾ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀ። ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩን አደባባይ ያወጡት ግን ሐኪም አልነበሩም። ከአሜሪካ የተመለሱት የውበት ባለሙያ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ንግግር ለሚያስቸግራቸው ልጆች የቀመሩትን ማስተማሪያም «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» አሉት። እያንዳንዱ ሆሄ ድምፁን ሙሉውን ይዞ ይመጣልና ምርጫው የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ስለ እነዚህ ልጆች መናገራቸውን አላቆሙም።

ማዕከሉ በተመሠረተበት ዘመን ውጭ አገር የኦቲዝም ድምፅ በመጻሕፍት ይሰማ ነበር። እንግሊዛዊው ማርክ ሃደን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ልብ ወለድ ተራኪው የ15 ዓመቱ ክሪስቶፈር ነው፤ ምዕራፎቹን የሚቆጥረው በ2፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ በዋነኛ ቁጥሮች ብቻ ነው። ድንቅ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ድምፁን ያዋሰው ጎልማሳ ደራሲ ነው።

ለየኔታ ገበታ የሚቀርበው የጃፓናዊው ናኦኪ ሂጋሺዳ መንገድ ነው። በ13 ዓመቱ የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው መጽሐፉ የተዘጋጀው የሂራጋና ሆሄያት በተደረደሩበት ሰሌዳ ላይ በጣቱ እየጠቆመ ነው ተብሏል። ቃሉ በእርግጥ የእሱ ነው ወይ የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ሂራጋናም እንደ ፊደላችን በአንድ ሆሄ አንድ ቀለም ይጽፋል።