ጉልበትና ስግደት በላቲን ሥርዐተ ቅዳሴ

የኒቅያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ325 ባወጣው 20ኛ ቀኖና ምእመናን በእሑድና በበዓለ ኀምሳ ቀናት ቆመው እንዲጸልዩ ደነገገ፤ መቆም የትንሣኤ፣ መንበርከክ የንስሓ ምልክት ነበርና። በምዕራብ ግን መንበርከክ ቀስ በቀስ የአምልኮ ትርጉም አገኘ። በ1570 የወጣው የጳጳሱ የፒዮስ 5ኛ መጽሐፈ ቅዳሴ ካህኑ በየጊዜው ቀኝ ጉልበቱን ምድር አስነክቶ እንዲነሣ ያዛል፤ የ1970ው መጽሐፍ ይህን በቅዳሴው ውስጥ በሦስት ጊዜ ወሰነው።

ተርጓሚ ሁሉንም «ሰገደ» ቢለው ይህ ታሪክ ይሰወራል። ግእዝ ራስን ዘንበል ማድረግን «አድንኖ»፣ መንበርከክን «አስተብርኮ»፣ ግንባርን ምድር ማስነካትን «ሰጊድ» ብሎ ይለያል። የላቲኑን የአንድ ጉልበት ድርጊት ግን ከሦስቱ አንዱም ብቻውን አይገልጸውም። ስለዚህ «በአንድ ጉልበት አስተብርኮ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን።